ፍየል የገደለው ውሃዬ

ሰዎች «ሕይወትህን የለወጠው ምንድን ነው?» ሲሉኝ አንዱ መጽሐፍ፣ ሌላው ጸሎት እንድል ይጠብቃል። እውነቱን ልናገርና የእኔን የለወጡት ፍየሎች ናቸው። ይህን ስጽፍ ባለቤቴ አስካለ ከኋላዬ ቆማ አንብባ «አሁን ይህም ይጻፋል?» አለችኝ። ይጻፋል። ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ያን ጊዜ ወይጦ ነበርኩ። ወይጦን ለማታውቁ፣ ከኮንሶ ወደ ጂንካ ስትመጡ መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ ወርዶ ላቡን የሚጠርግባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። እኔ ደግሞ የጂንካ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ጋቢ እየደረበ ያረጀ። እዚያ ያስቀመጠኝ ማዕረጌ ነው፦ «የከተማ ውበትና አረንጓዴ ልማት ባለሙያ»። ማዕረጉ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሥራው ግን ችግኝ መትከልና ፍየል ማባረር ነው። ከሁለቱ ማባረሩ ይበዛል። የሽፈራው ችግኝ ስተክል ፍየል ይበላዋል። በእሾህ ሳጥረው እሾሁን ለማገዶ ይወስዱታል። ከዚያ የተረፈውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ለሪፖርት ግን «የጽድቀት መጠን አበረታች ነው» ብዬ እጽፍ ነበር። ማንን እንዳበረታታ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዚያ አገር ዝናብም እንደ ባለሥልጣን ነው፤ ሲጠብቁት ይቀራል፣ ሲመጣ ደግሞ ግቢውን አተራምሶ ይሄዳል። ኮረብታው ላይ ይዘንብና ከተማዋ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ብቻውን ይመጣል፤ ገበያውን አቋርጦ፣ የነጋዴውን ዳስ ጠራርጎ ወንዝ ይገባል። በማግስቱ ሰዉ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይንከራተታል። ዛሬ ሰምጣ ነገ የምትጠማ ከተማ።

አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ፣ እንቅልፍ ባልወሰደኝ ሰዓት፣ አንድ ነገር ሰማሁ። ጎርፉን ከገበያው በላይ ተቀብሎ የሚያሳርፍ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ውሃው እዚያ ይረጋል፣ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ከበታቹ የተተከለ ዛፍ ይጠጣዋል። ይህንኑ አስቆፈርኩ፤ የወጣውን አፈርም በገበያው በኩል ግድብ አድርጌ አስከመርኩት። ጎርፉ የሚገባበት አፍ በሳንቃ የሚዘጋ ነው። ሕፃናት እንዳይወድቁ ዙሪያውን ወፍራም ሽቦ አሳጠርኩ፣ የብረት በር አስገጠምኩ፣ ቁልፍ አንጠለጠልኩ። በወይጦ ከተማ ቁልፍ ያለው አጥር ያ ብቻ ሆነ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ዝናቡ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። የከተማው ሰው «የታዬ መቃብር» አለው። ጡብ የሚመቱት ልጆች ከግድቡ አፈር ሊዝቁ ይመጣሉ፤ ሞተር የሚያጥቡት ደግሞ ውሃው ሲመጣ በየት ሸንቁረው እንደሚወስዱት ከወዲሁ ይማከራሉ። እኔም ገበያ መሐል፣ ወይዘሮ ብርቄ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ወጥቼ «የሚመጣው ውሃ የእኔ ነው! ማንም ሰው ግድቡን እንዳይነካ!» እያልኩ ስጮህ ከረምኩ። ብርቄ ምላሷ እንደ ሻይዋ የሚያቃጥል ሴት ናት። «ጋሽ ታዬ፣ ላልተፀነሰ ልጅ ክርስትና እየደገስክ ነው» ትለኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በገበያ ቀን ነው። ማታውን ከጂንካ ስብሰባ በሚኒባስ ተጣጥፌ ተመልሻለሁ። ወባዬ ገና ከጉልበቴ አልወጣችም። ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ከጉድጓዴ በኩል የፍየል ጩኸት ሰማሁ። መጀመሪያ ትኩሳቱ ነው ብዬ ነበር። ጠጋ ስል ጉድጓዴ ፍየል ሞልቷል። ጥቁሩ፣ ቡላው፣ ዝንጉርጉሩ፣ ግልገሉ፣ ሁሉም አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ያየኛል።

የደንብ አስከባሪው ደሳለኝ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ያዝናቸው ጋሽ ታዬ! ትናንት ከሰዓት፣ በመንገዱ ዳር ያለውን ሽፈራው ሲያወድሙ!»

«እና ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ታዲያ የት ላስገባቸው? ቁልፍ ያለው አጥር ሌላ አለ?»

የለም።

ከአጥሩ ውጭ፣ ትንሽ ግራር ሥር፣ በርኮታ በሚሏት ትንሽ የእንጨት መቀመጫው ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነበር። ኦይታ ይባላል፤ ከዚያው አገር የፀማይ ከብት አርቢዎች አንዱ ነው፣ በመልክ አውቀዋለሁ፣ ለሰላምታ እንጂ ለጨዋታ አንቀራረብም። ከትናንት ጀምሮ ከዚያ አልተነሳም።

«ፍየል የኔ ነው» አለኝ። «ልጄ ሚስት ያገባል። ነገ የልጅቷ ሰዎች ይመጣሉ፣ ፍየል ያያሉ። ፍየል ከሌለ ሚስት የለም።»

«ቅጠሌንስ ማን በላው?»

«ፍየል በላ። ፍየል ቅጠል ካልበላ ምን ይበላል? ወረቀት?» ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በአገጩ ጠቆመኝ። «ቅጠል የራስህ ከሆነ ለምን አትጠብቅም? እኔ ፍየሌን ትቼ ጂንካ ስብሰባ እሄዳለሁ?»

ብርቄ ከሻይ ቤቷ ደጃፍ ሆና ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ማዕረጌ ከለከለኝ። ጉልበቴም መከራከር አልፈለገም። «ክፈትለት ይሂድ» አልኩት ደሳለኝን። «ሰርግ አናበላሽም።»

ደሳለኝ ጭንቅላቱን አከከ። «ጂንካ ስትሄድ የተውክልኝን ቁልፍ ትናንት ለከተማው ሥራ አስኪያጅ አስረከብኩ። እሳቸው ደግሞ በጠዋት ቀይ አፈር ከተማ ለቅሶ ሄደዋል።»

ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ተቀመጥን። ኦይታ በርኮታው ላይ፣ እኔ ድንጋይ ላይ፣ ደሳለኝ ቆሞ። ገበያው ሞቀ፤ ማሽላው፣ ቅሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው ተዘረጋ። የኦይታ ሚስትም እዚያ መሐል ቅቤ ይዛ ተቀምጣለች። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። በምዕራብ በኩል፣ ከኮረብታው ጀርባ ብቻ፣ አንድ የጠቆረ ነገር ነበር፤ እኔም አይቼው «ደመና» ብዬ አለፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደመና ያታለለው ሰው ደመና አያምንም።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ።

«ታዬ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ይቅርታ። ግን መምጣት አልቻልኩም።»

«ምን ገጠመዎት?»

«ዝናቡ! እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም፣ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ወድቆብናል። መንገዱ ሁሉ ወንዝ ሆኗል፣ ወደ እናንተ...»

ተቋረጠ። ስልኩን እያየሁ ቆምኩ። ቁልፉን የያዘው ዝናብ ራሱ እየመጣብን ነው።

አሁን የገባኝን ልንገራችሁ። ጎርፉ የሚገባበትን አፍ በሳንቃ ብዘጋው ፍየሎቹ ይተርፋሉ፤ ውሃው ግን ወደ ገበያው ይዞራል። ገበያው ውስጥ ሰው አለ፣ የታዘለ ሕፃን አለ። ባልዘጋው ፍየሎቹ እዚያው ይሰምጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ና፣ ና» ስለው የኖርኩት ውሃ፣ ና ያላልኩት ዕለት መጣ።

ለኦይታ ነገርኩት። አልጮኸም። ወደ ገበያው፣ ሚስቱ ወዳለችበት ተመለከተ። ከዚያ ወደ ፍየሎቹ።

«አትዝጋ» አለ። «ሽቦውን እንቁረጥ።»

በምን? ደሳለኝ መጥረቢያ አምጥቶ መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ፣ ከዚያ ሽቦውን ደበደበ፤ ቁልፉ አልሰበር አለ፣ ሽቦው እንደ ክራር ጮኸ እንጂ አልተበጠሰም። መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ነበር፤ ደሳለኝ ሮጦ ከሾፌሩ ፒንሳ ለምኖ መጣ። ፒንሳው ለሬዲዮ መጠገኛ የሚሆን ነው። እየተቀባበልን እንነክሳለን። አንዱን ሽቦ ስጨርስ ሌላው ይጠብቀኛል። «ማን ነው ይህን ያህል ወፍራም ሽቦ የገዛው?» ብዬ ጮህኩ። ደሳለኝ ዞሮ አየኝ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ «ጥራት» ብዬ ከአቅራቢው ጋር ተጨቃጭቄ።

የጎርፉ ድምፅ ቀድሞ ደረሰ፤ ብዙ ከብት አንድ ላይ ሲነዳ የሚመስል። ከዚያ ቡናማ ምላስ በመግቢያው አፍ ብቅ አለ፤ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ አረፋ ተሸክሟል። ከላያችን ፀሐይዋ እንደዚያው ታቃጥላለች።

ሽቦው ሲከፈት ክፍተቱ አንድ ፍየል ያሳልፋል። ፍየሎቹ ግን ከውሃው ሸሽተው በማዶው ጥግ ተቆልለዋል። እኛ የቆረጥነው በወዲህ ነው። መሐሉ ውሃ ነው። ይህም ፕላኔ ላይ አልነበረም።

ኦይታ ልብሱን ጥሎ ገባ። እየገባ ይጠራቸዋል፤ ከጉሮሮው የሚወጣ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። አንዲት ግራጫ ፍየል አንገቷን አነሳች፤ መሪያቸው እሷ ናት። መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ደሳለኝ በክፍተቱ እየጎተተ ያወጣል። ግልገሎቹ ግን ፈርተው ከጥጉ አልነቃነቅ አሉ።

እኔ ለምን እንደገባሁ አትጠይቁኝ። መዋኘት አልችልም። ከወባ የተነሳሁ ነኝ። ግን አያችሁ፣ ጉድጓዱ የእኔ ነው። ውሃው ወገቤ ደረሰ፤ አንድ ግልገል አቅፌ ለኦይታ አቀበልኩት፤ ሌላም። ሦስተኛዋ ትልቅ ቀንዳም ፍየል ነበረች። ቀንዷን ስይዝ እግሬን ጭቃው ዋጠውና በአፌም በአፍንጫዬም ውሃ ገባ።

«ቀንድ አትልቀቅ!» ሲል ኦይታ ተሰማኝ። «ታዬ! ቀንዱን አትልቀቅ!»

አልለቀቅኩም። ፍየሏን እያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲነግሩኝ እኔ እንደ ከረጢት ተንሳፍፌ፣ እሷ እየዋኘች ጎትታ ነው ያወጣችኝ። ብርቄ እስከ ዛሬ ድረስ ትተርከዋለች፤ በየዓመቱ ፍየሏ ትተልቃለች፣ እኔ አንሳለሁ።

ዳር ወጥቼ ሳስል፣ ከገበያው ጩኸት ተነሣ። ገበያው የሰመጠ መሰለኝ። ጩኸቱ ግን የደስታ ነበር። ጎርፉ ጉድጓዱን ሞልቶ እዚያው ተኝቷል፤ ወደ ገበያው አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ሰዉ እየሮጠ መጣ። ይጨብጡኛል፣ ይስሙኛል። «መቃብሩ ሠራ!» ይላል አንዱ። በሥራ ዘመኔ የተሳካልኝ ብቸኛው ነገር ያ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኦይታ ከማዶ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ፊት ለፊቱ አምስት የሞቱ ፍየሎች ተጋድመዋል። ግራጫዋ መሪም አለች፤ ግልገሎቹን ልታመጣ ተመልሳ ገብታ ነው። ጭንቅላቷን በመዳፉ ይጠርጋል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰዉ ከኋላችን ይጨፍራል። እንዲህ የደከመኝን ቀን አላስታውስም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በግራሩ ሥር ተቀመጡ። የልጅቷ ሰዎችም መጥተው ኖሮ በአንድ ወገን ተቀምጠው ይሰማሉ። የኦይታ ልጅ፣ ሙሽራው፣ አቀርቅሮ መሬት ይቆፍራል። የከተማው ሰው ዙሪያውን ቆሟል፤ የጡብ ልጆችም፣ ሞተር አጣቢዎቹም።

ደሳለኝ ጠበቃዬ ሆነ። «ጎርፍ የእግዚአብሔር ነው» አለ። «ጋሽ ታዬ ምን አደረገ? ይልቁንም ሊሞት ነበር።»

ትልቁ ሽማግሌ ኦይታን አየው። ኦይታ ተነሣ።

«እግዚአብሔር ገበያ መጥቶ 'ውሃው የኔ ነው' ብሎ ያውቃል?» አለ። «እኔ አልሰማሁም። ይህን ሰው ግን ሰምቻለሁ። ሁለት ዓመት አግዳሚ ላይ ቆመ፣ 'ውሃው የኔ ነው፣ ማንም አይንካ' አለ። በሬዬ ሰው ቢወጋ እኔ እጠየቃለሁ። በሬ የእግዚአብሔር ነው አልልም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ።

«ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ውሃው የተኛበት በረት ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲህ ውሃህ ፍየል ገድሏል» አለ፣ እንደ ተራ ነገር። «ግን ሰው ቸኩሎ ይናገራል። አሁን 'ውሃው የኔ አይደለም' ካልክ ፍየሉን የገደለው የማንም ያልሆነ ውሃ ነው፤ አንተ ምንም የለብህም፣ ትሄዳለህ። የኔ ነው ካልክ ትክሳለህ። አስብ።»

ከጥፋቱ በቀላሉ መውጫ ሰጡኝ። አንድ ቃል ብቻ። ዓይኔ ግን የጡብ ልጆቹ ላይ አረፈ። አንዱ አካፋ ይዟል፣ ገና ሳልመልስ። ሞተር አጣቢው ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አደረገው። የማንም ያልሆነ ውሃ ከሆነ እስከ ማታ ግድቡ ይሸነቆራል፣ የሚቀጥለው ጎርፍ ገበያው ላይ ይወርዳል። ሙሽራውንም አየሁት። ጂንካ ውስጥ ከአንዲት ላም በቀር ንብረት የለኝም፤ እሷም የአስካለ ዓይን ናት።

«ጋሽ ታዬ፣ አይደለም በል!» አለኝ ደሳለኝ በሹክሹክታ። «ምን ቸገረህ?»

በዚያ ሁለት ዓመት ያን ቃል የጮህኩት አፈር እንዳይዝቁብኝ እንጂ ምን እንደሚያስከትል አስቤበት አልነበረም።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው አንገቱን ነቀነቀ። የጡብ ልጁ አካፋውን ከትከሻው አወረደ።

ላሟ ከጂንካ በጭነት መኪና መጣች። አስካለ ያን ሳምንት ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤታችሁ ልጆች ያነቡት ይሆናል። የልጅቷ ሰዎች ላሟን ዞረው አዩ፣ ጡቷን ዳሰሱ፣ ከአምስት ፍየል ትበልጣለች ብለው ሳቁ። ሰርጉ ሆነ። እኔም ተጠራሁ። ኦይታ ለእንግዶቹ ሲያስተዋውቀኝ «ባለሙያ» አላለኝም፤ «የውሃው ባለቤት ነው» አለ። ሰዎቹም ቦታ ለቀቁልኝ።

እናንተ የምታነቡኝ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ ቀን በፊት ሥራ ማለት ለእኔ የተተከለውን መቁጠርና ሪፖርት መጻፍ ነበር። ችግኙ ሲደርቅ ፀሐይን እከሳለሁ፣ ሲበላ ፍየልን፣ ጎርፍ ሲመጣ ፈጣሪን። ለካስ «የእኔ ነው» ማለት ሲያጠግብ ብቻ ሳይሆን ሲዋጋም ነው። ይህን የነገረኝ ሥልጠና የለም፤ ቢኖርም ተኝቼበት ይሆናል። ከዚያ በኋላ አጥሩን አንስተን ለከብት መውረጃና መውጫ አበጀን፤ ሽቦውን ከታች ላሉት ዛፎች አዞርነው። ውሃው የተኛበት ዳርቻ ላይ ደግሞ፣ ፍየሎቹ ታስረው በጣሉት በጠጥ ውስጥ፣ ማንም ያልተከለው ግራር ወጣ። እንግዶች ሲመጡ ያን ግራር አሳይቼ ተጨብጭቦልኛል። ምን ልበል? አጎንብሼ እጅ ነሣሁ።

እንደ ጀግና አትዩኝ። «የእኔ ነው» ያልኩበትን ቀን ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ደለል ሲሞላ ዝቀህ አውጣ፤ ግድቡ ሲሰነጠቅ ድፈን፤ የሰው ጥጃ ጭቃው ውስጥ ሲቀረቀር «ውሃህ ያዘው» ይሉኛል፣ እሄዳለሁ። ደመና ባየሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ወገቤን ያመኛል። ወደ ጂንካ ዝውውር ሲመጣልኝ እንኳ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ነው የሄድኩት።

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም። ግን ከላይ በዘነበ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ኦይታ ነው፤ ሰላምታ አያውቅም።

«ታዬ። ውሃህ መጣ። ና።»

ባለፈው ቁርጥ አድርጌ ነገርኩት። «ኦይታ ወንድሜ፣ እኔ አርጅቻለሁ። በቦታዬ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፣ ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ከእኔ ይሻላል። እሱን ጥራው።»

«ጠራነው» አለ። «መጣ። ጥሩ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠየቁት፤ 'ይህ ውሃ የማን ነው?' አሉት።»

«ምን አለ?»

«የመንግሥት ነው አለ።»

ከስልኩ ማዶ የጎርፉ ድምፅ ይሰማኛል። አስካለ ሳልጠይቃት ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር ጣለችው።